ስክሪፕቱ ያለ ኤረር ይጨርሳል፣ ፊልዶቹ ግን አልተደበቁም

ጥያቄው፦ «አርክጂአይኤስ ፕሮ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ የውሃ መስመር ካርታ አለኝ። ሌየሮቹ (የካርታው ንብርብሮች) ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ40 በላይ ፊልድ (የቴብል ዓምድ) አላቸው። ተጠቃሚዎቹ የሚያስፈልጋቸው ግን ከሰባት አይበልጥም። አንድ በአንድ ማጥፋት ስለሰለቸኝ በፓይተን ሉፕ (ሁሉንም በየተራ የሚያዳርስ ኮድ) ጻፍኩ። ኤረር አይሰጥም። አንዳንዱ ሌየር ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ምንም አይለወጥም። የፊልድ ዝርዝሩን ፕሪንት ሳደርገው ባዶ ሊስት ያወጣል፤ ቴብሉን ስከፍት ግን ፊልዶቹ በሙሉ አሉ። ምን ጎደለኝ? ሌላው ደግሞ፣ የደንበኞች ሌየር ላይ የስልክ ቁጥር ፊልድ አለ። እሱን ደብቄ ዳታውን ለኮንትራክተር ብልከው ችግር አለው?»

ሰላም ወንድሜ። ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፣ የሚያጣድፈው እሱ ነው። አዎ፣ ችግር አለው፤ እንዳትልክ። ስልክ ቁጥሩን ከሌየሩ ላይ ደበቅከው ማለት ከዳታው ውስጥ ወጣ ማለት አይደለም። ኮንትራክተሩ ጂኦዳታቤዙን (የካርታው ዳታ የተቀመጠበትን ዳታቤዝ) ከፍቶ ፊቸር ክላሱን (ውስጡ ያለውን የደንበኞች ዳታ) አዲስ ካርታ ላይ ሲጥለው የሁሉንም ደንበኛ ስልክ ያገኘዋል። መላኩን እስከዚያ አቆየው፤ ምን ማድረግ እንዳለብህ ከታች እነግርሃለሁ።

የሁለቱም ጥያቄዎችህ መልስ ከአንድ ነገር ይነሳል። የፊልድ መታየትና አለመታየት የሌየሩ ጉዳይ ነው፣ ዳታውን አይመለከተውም። ፊቸር ክላሱ ዲስክ ላይ ወይም ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠው ዳታ ነው። ሌየሩ ደግሞ ያንን ዳታ ካርታው ላይ እንዴት እናሳየው የሚለውን ሁሉ የያዘ ነው፤ ቀለሙን፣ ሌብሉን፣ ማጣሪያውን፣ የፊልዶቹን ቅደም ተከተል፣ የትኛው ይታይ የትኛው ይደበቅ የሚለውን። ከአንድ ፊቸር ክላስ አምስት ሌየር ብታወጣ አምስቱም የተለያዩ ፊልዶችን ሊደብቁ ይችላሉ። ፊቸር ክላሱ ይህን ሁሉ አያውቅም።

እንግዲህ አርክፓይን (የአርክጂአይኤስን የፓይተን ላይብረሪ) «የዚህ ዳታ ፊልዶች እነማን ናቸው?» ብለህ ስትጠይቀው 40ውንም ይዘረዝርልሃል። ሌየሩን «ስለ ፊልዶችህ ምን ተነግሮሃል?» ስትለው ግን የሚመልስልህ የተነገረውን ብቻ ነው። ገና ካርታ ላይ የጣልከውና የፊልድ ቅንብሩን ማንም ያልነካው ሌየር ምንም አልተነገረውም። ባዶ ሊስት ያየኸው ለዚህ ነው። ባዶ ማለት «ፊልድ የለም» ሳይሆን «የተለየ መመሪያ የለም፣ ሁሉንም እንዳለ አሳይ» ማለት ነው። ሉፕህም ባዶ ሊስት ላይ ስለሚዞር አንድም ጊዜ ወደ ውስጥ አይገባም። ኤረር የማይሰጠውም ለዚሁ ነው፤ ፓይተን ባዶ ሊስት ላይ መዞርን እንደ ስህተት አይቆጥረውም። የሠሩልህ ሌየሮች ደግሞ ከዚህ በፊት አንተ ወይም ሌላ ሰው በእጅ ፊልድ ያጠፋባቸው ወይም ቅንብራቸውን ቀይሮ ያስቀመጠባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህን በዓይንህ ማየት ከፈለግክ አንድ የምወደው መንገድ አለ። ከሠሩልህ ሌየሮች አንዱን ሌየር ፋይል አድርገህ ሴቭ አድርገው። የፕሮ ሌየር ፋይል ውስጡ ተራ የጄሰን ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። «ፊልድዲስክሪፕሽንስ» (የፊልድ መግለጫዎች) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈልግ። እዚያ እያንዳንዱ ፊልድ በየተራው ተቀምጦ ታገኘዋለህ፤ ስሙ፣ አሊያሱ (ለተጠቃሚ የሚታየው ስሙ)፣ የቁጥር አጻጻፉ፣ የሚታይ መሆን አለመሆኑ። ከዚያ እምቢ ካሉህ ሌየሮች አንዱን እንዲሁ ሴቭ አድርገህ ክፈት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው ስክሪፕትህ የሚነካውን ነገር በትክክል ታውቀዋለህ። ከዚያ በኋላ ኮዱን ማረም ቀላል ነው።

የአርክጂአይኤስ ሠሪ ኤስሪ ይህን መዋቅር ሲአይኤም ይለዋል። ፕሮጀክቱም፣ ካርታውም፣ ሌየሩም፣ ሌይአውቱም በዚህ መዋቅር ነው የሚቀመጡት። ከፓይተን በቀጥታ መንካት የተቻለው ከፕሮ 2.4 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘዴ አሁንም ብዙ ሰው እየገለበጠ ስለሚጠቀምበት ቆይቼ እነሳዋለሁ፤ ለአንተ ካርታ ግን የሚሆንህ ይኸኛው ነው።

አካሄዱ ሦስት እርምጃ አለው፦ ማውጣት፣ መለወጥ፣ መመለስ። ለማውጣት ሌየሩ ላይ «ጌትዴፊኒሽን»ን ትጠራለህ። በቅንፉ ውስጥ የሲአይኤሙን ቨርዥን ትሰጠዋለህ፤ ፕሮ 2 ላይ ከሆንክ «ቪ2»፣ ፕሮ 3 ላይ ከሆንክ «ቪ3»። ያገኘኸው ነገር ውስጥ «ፊቸርቴብል» የሚባል አለ፤ በእሱ ስር ደግሞ «ፊልድዲስክሪፕሽንስ» የተባለው ሊስት። እያንዳንዱ አባል «ፊልድኔም» እና «ቪዝብል» የሚሉ ባህርያት አሉት። «ቪዝብል»ን ፎልስ ስታደርገው ፊልዱ ይደበቃል። እነዚህን ስሞች ኮድ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፍ ሁለቱን ቃላት ገጥመህ፣ የሁለተኛውን ቃል መጀመሪያ ብቻ በትልቁ ፊደል ጻፍ። ፓይተን ትልቅና ትንሽ ፊደልን ስለሚለይ አንዷ ብትዛነፍ አይሠራም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሦስተኛውን እርምጃ ነው። «ጌትዴፊኒሽን» የሚሰጥህ የሌየሩን መግለጫ ቅጂ ነው። ቅጂው ላይ የፈለግከውን ብትለውጥ ሌየሩ አይሰማም። ለውጡን «ሴትዴፊኒሽን» ብለህ ወደ ሌየሩ መመለስ አለብህ፤ በየሌየሩ፣ ሉፑ ውስጥ። አንዳንዱ ሰው ይህን መስመር ከሉፑ ውጭ ያስቀምጠውና የመጨረሻው ሌየር ብቻ ይለወጥለታል። አሰላለፍህን ደግመህ እይ።

አሁን ወደ ባዶው ሊስት። ሊስቱ ባዶ ከሆነ አንተው ትሞላዋለህ። ሌየሩን ለ«ሊስትፊልድስ» ስጠውና ፊልዶቹን በሙሉ ተቀበል። ለእያንዳንዱ ፊልድ በአርክፓይ የሲአይኤም ክፍል ውስጥ ባለው «ክሪኤት ሲአይኤም ኦብጀክት ፍሮም ክላስ ኔም» በተባለው ፈንክሽን አዲስ መግለጫ ፍጠር። ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የክላሱን ስም፣ ማለትም «ሲአይኤም ፊልድ ዲስክሪፕሽን»ን፣ እና ከላይ የተጠቀምክበትን ያንኑ ቨርዥን። ከዚያ የፊልዱን ስም፣ አሊያሱንና «ቪዝብል»ን ሰጥተህ ሊስቱ ውስጥ ጨምረው። ሁሉም ሲያልቅ ሊስቱን «ፊልድዲስክሪፕሽንስ» ላይ አስቀምጥና «ሴትዴፊኒሽን» በል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የምትደብቃቸውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ፊልድ ሊስቱ ውስጥ አስገባ። የሚታየውንም «ቪዝብል ትሩ» ብለህ በግልጽ ጻፍለት፤ ለሶፍትዌሩ ግምት የምትተወው ነገር አይኑር። ሁለተኛ፣ አሊያሱን አትርሳ። ዳታቤዝ ላይ «ፒአይፒ_ዲአይኤ_ኤምኤም» የተባለ ፊልድ አሊያሱ «የቧንቧ ዲያሜትር» ከሆነ፣ አንተም መግለጫውን ስትፈጥር ያንን አሊያስ ከ«ሊስትፊልድስ» ወስደህ ስጠው። የሊስቱ ቅደም ተከተል የቴብሉ የዓምዶች ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ እግረ መንገድህን አስፈላጊዎቹን ሰባት ፊልዶች ወደ ፊት ማምጣት ትችላለህ። ተጠቃሚዎችህ ያመሰግኑሃል።

የጥድፊያ ሥራ ከሆነና እምቢ ያሉህ ሌየሮች ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ኮዱን ማስረዘም አያስፈልግህም። የሌየሩን የፊልዶች መስኮት ክፈት፣ አንዱን ፊልድ አጥፋ፣ ሴቭ አድርግ። ሊስቱ ይሞላል፤ ያው የድሮ ስክሪፕትህም ይሠራል። እኔ ግን ስክሪፕት የተጻፈው በየጊዜው እንዲሮጥ ነው ብዬ ስለማምን ባዶውን ሊስት ኮዱ ራሱ ቢይዘው እመርጣለሁ። በሚቀጥለው ወር አዲስ ሌየር ሲጨመር ይህን ዘዴ የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል።

ስለ ሉፑ ራሱ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ግራ መጋባት ከሲአይኤም ሳይሆን ከሉፑ ነው። «ይህ ፊልድ ከሚደበቁት ውስጥ ካለ ደብቀው» ተብሎ የተጻፈ ሉፕ በመጀመሪያው ቀን ጥሩ ይሠራል። ነገ ግን አለቃህ «ቧንቧው የተቀበረበት ዓመት ይታይልኝ» ቢልህና ከዝርዝሩ ብታወጣው ፊልዱ አይመለስም። ኮዱ መደበቅ እንጂ ማሳየት አልተነገረውማ። ስለዚህ ተገልብጦ ቢጻፍ ይሻላል። የሚቀሩትን፣ ማለትም እንዲታዩ የምትፈልጋቸውን ፊልዶች ዝርዝር ያዝ፤ «ቪዝብል» የሚወስደው ዋጋ «ይህ ፊልድ ከሚቀሩት ውስጥ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይሁን። አለ ከተባለ ትሩ፣ የለም ከተባለ ፎልስ። በአንድ መስመር ያልቃል። ስክሪፕቱን መቶ ጊዜ ብታሮጠው ውጤቱ ያው ነው፤ ዝርዝሩ ሲለወጥ ደግሞ የተደበቀውም ይመለሳል።

ስሞቹን ከማወዳደርህ በፊት ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ቀይር። አንዱ ዳታቤዝ ስሙን በትልቁ፣ ሌላው በትንሹ ያስቀምጠዋል። ዓይንህ አንድ ነው የሚለውን ፓይተን ሁለት ነው ይለዋል።

ጆይን (በጋራ ፊልድ የተገናኘ ሌላ ቴብል) ያለበት ሌየር ካለህ ደግሞ ሌላ ነገር ጠብቅ። ጆይን ሲኖር የፊልዱ ስም ብቻውን አይመጣም፤ የቴብሉ ስም፣ ነጥብ፣ ከዚያ የፊልዱ ስም ሆኖ ነው የሚመጣው። «ዲያሜትር» ብለህ የምትፈልገው «ቧንቧ ነጥብ ዲያሜትር» ሆኖ ስለሚቀመጥ ከዝርዝርህ ጋር አይገጥምም፤ ከላይ ባልኩህ መንገድ ከጻፍከው ደግሞ ሁሉም ፊልድ ይደበቅብሃል። ስሙን ነጥቡ ላይ ቆርጠህ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ብታወዳድር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሁለቱም ቴብሎች አንድ ዓይነት ስም ያለው ፊልድ ካላቸው ግን አይበቃም። ለእነሱ ሙሉ ስማቸውን ዝርዝርህ ውስጥ ጻፍ። ኦብጀክት አይዲ (የእያንዳንዱ መዝገብ መለያ ቁጥር) ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሁለቱም ጋ አለ።

ካርታው ላይ «ሊስትሌየርስ» ስትል የሚመጣልህም ሁሉ ፊቸር ሌየር አይደለም። ግሩፕ ሌየሩ (ሌሎች ሌየሮችን የያዘው) ይመጣል፣ ራስተሩ (የምስል ዳታው) ይመጣል፣ ቤዝማፑም (ከሥር የሚነጠፈው መነሻ ካርታ) ይመጣል። እነዚህ «ፊቸርቴብል» የሚባል ነገር የላቸውም፤ ስክሪፕቱ እነሱ ጋ ሲደርስ ወድቆ ይቆማል። ሉፑ ገና ሲጀምር «ኢዝፊቸርሌየር» ትሩ መሆኑን አይተህ ካልሆነ እለፈው። «ኢዝብሮክን»ንም እይ። ምንጩ የጠፋበት ሌየር መግለጫውን ሊሰጥህ ይችላል፤ ፊልዶቹን ከዳታው ላይ ልዘርዝር ስትል ግን ዳታው የለም። እንዲህ ያለውን ሌየር ዝም ብለህ አትለፈው፤ ስሙን ፕሪንት አድርገህ እለፍ፣ ኋላ የምታስተካክለው ነገር ነውና።

ጂኦሜትሪ የሌላቸው ብቻቸውን የቆሙ ቴብሎች «ሊስትሌየርስ» ውስጥ አይገኙም፤ በ«ሊስትቴብልስ» ነው የሚገኙት። መግለጫቸውም ትንሽ ይለያል። እነሱ ላይ «ፊቸርቴብል» የሚባል መሸጋገሪያ የለም፤ «ፊልድዲስክሪፕሽንስ» በቀጥታ ከመግለጫው ስር ነው ያለው። የጥገና መዝገብ ወይም የቆጣሪ ንባብ ቴብል ካለህ ይህን ለብቻው ያዘው።

ዝርዝሩን ራሱ የት ታስቀምጠዋለህ? ኮዱ ውስጥ በዲክሽነሪ መጻፍ ይቻላል፤ የሌየሩ ስም ቁልፍ፣ የሚቀሩት ፊልዶች ዋጋ። ሌየሮቹ ብዙ ከሆኑ ግን በሲኤስቪ ፋይል አድርገው። አንድ ዓምድ ለሌየር፣ አንድ ዓምድ ለፊልድ። እንዲህ ሲሆን የትኛው ፊልድ ይታይ የሚለውን የሚወስነው የውሃ መስመሩን የሚያውቀው ሰው ይሆናል፤ ኤክሴል ላይ ያስተካክለዋል፣ ኮድ ማወቅ አይጠበቅበትም። አንተም በየሁለት ቀኑ «ይቺን ጨምርልኝ፣ ያቺን ቀንስልኝ» ከሚል ጥያቄ ትገላገላለህ። ዝርዝሩ ውስጥ ያልተጠቀሰ ሌየር ሲገጥመው ደግሞ ስክሪፕቱ ምንም ሳይነካው ስሙን ፕሪንት አድርጎ ይለፈው። ዝርዝር ስለሌለው ብቻ ሁሉንም ፊልድ ደብቆ የሚወጣ ስክሪፕት እንዳይሆንብህ።

ከማሮጥህ በፊት «ሴቭኤኮፒ» ብለህ የፕሮጀክቱን ቅጂ አስቀምጥ። ፕሮ ውስጥ ሆነህ የምታሮጠው ከሆነ «ከረንት» የሚለውን ተጠቅመህ የተከፈተውን ፕሮጀክት ያዝ። ከውጭ፣ በፋይል አድራሻ የምታሮጠው ከሆነ ደግሞ ፕሮጀክቱ በሌላ መስኮት አለመከፈቱን አረጋግጥ፤ መጨረሻ ላይም «ሴቭ» ማለት አትርሳ። ከውጭ ለሚሮጥ ስክሪፕት ያለ «ሴቭ» ለውጡ ከስክሪፕቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ውጤቱን ስታይ አትሪቢዩት ቴብሉ ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ ዝጋውና እንደገና ክፈተው።

ስክሪፕቱ ሲጨርስ ከየሌየሩ መግለጫውን እንደገና አውጥተህ የሚታዩትን ቁጥር ፕሪንት አድርግ። ከእጅህ ያለውን ቅጂ ሳይሆን አዲስ በ«ጌትዴፊኒሽን» ያወጣኸውን ማለቴ ነው። ሰባት መሆን የነበረበት ስድስት ካለህ አንድ የፊልድ ስም ዝርዝሩ ላይ ተሳስቶ ተጽፏል። 40 ካለህ «ሴትዴፊኒሽን» አልደረሰውም። ዜሮ ካለህ ጆይን አለ ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ ሊስቱ አሁንም ባዶ ነው።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት ስለ ቴብሉ ነው። ፖፕአፕ (ካርታው ላይ ስትነካ የሚወጣው መስኮት) ሌላ ነገር ነው፣ ሰዎች ደጋግመው የሚናደዱበትም እሱ ነው። «ቴብሉ ላይ ደብቄው ካርታው ላይ ስነካው ይወጣል» ይላሉ። ፖፕአፑ ተነክቶ የማያውቅ ከሆነ የሌየሩን የሚታዩ ፊልዶች ተከትሎ ይሄዳል፤ ችግር የለም። አንድ ሰው ግን ፖፕአፑን ከፍቶ ፊልዶቹን በራሱ መርጦ ከሆነ ወይም በጽሑፍ መካከል የፊልድ ስም አስገብቶ ከሆነ፣ ፖፕአፑ የራሱን ዝርዝር ይዟል። ቴብሉ ላይ የምታደርገው አይነካውም። ይህ ዝርዝር ያለው በዚያው መግለጫ ውስጥ «ፖፕአፕኢንፎ» በተባለው ስር ነው። ውስጡ «ሚዲያኢንፎስ» የሚባል ሊስት አለ፤ የቴብል ዓይነቱ አባል ላይ «ዩዝሌየርፊልድስ» የምትል ባህርይ አለች። እሷን ትሩ ስታደርጋት ፖፕአፑ የራሱን ዝርዝር ትቶ የሌየሩን የሚታዩ ፊልዶች ይከተላል። በጽሑፍ የተሠራ ፖፕአፕ ግን በዚህ አይታረምም፤ ጽሑፉን ራሱን ከፍተህ ማየት አለብህ። «ፖፕአፕኢንፎ» ጭራሽ ባዶ ሊሆንም ስለሚችል ከመንካትህ በፊት መኖሩን ቼክ አድርግ።

አሁን የድሮው ዘዴ። ከፕሮ በፊት በነበረው አርክማፕ ላይ በአርክፓይ ሌየሩን በቀጥታ ነክቶ ፊልድ መደበቂያ አልነበረም። ሰው የሚጠቀመው «ሜክ ፊቸር ሌየር» የሚባለውን ቱል ነበር፤ ቱሉ ፕሮ ላይም አለ። «ፊልድኢንፎ» የሚባል ነገር ትፈጥራለህ፤ ለእያንዳንዱ ፊልድ ስሙን፣ አዲስ ስሙን፣ «ሂድን» (የተደበቀ) ወይም «ቪዝብል» (የሚታይ) የሚለውን ቃልና የመከፋፈያ ደንቡን (ቅርጹ ሲቆረጥ ዋጋው እንዴት ይከፈል የሚለውን) ትሰጣለህ። እዚህ ትሩና ፎልስ አይሠሩም፤ ቃሉን በጥቅስ ነው የምትጽፈው። ከዚያ ያንን ለቱሉ ሰጥተህ አዲስ ሌየር ታወጣለህ። የነበረውን ሌየር «ፊልድኢንፎ» በ«ዲስክራይብ» አውጥቶ መለወጥ ብቻውን ነባሩን ሌየር አይለውጠውም፤ የተለወጠውን ለቱሉ ሰጥተህ አዲስ ሌየር ካልፈጠርክበት ልፋትህ ከንቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ የኮድ ቁርጥራጮች እዚች ጋ ነው የሚሰበሩት።

ይህ ዘዴ ለአንተ ካርታ አይመችም። ከፊቸር ክላሱ የሚወጣው ሌየር አዲስ ስለሆነ የደከምክበት ቀለምና ሌብል አብሮት አይመጣም። ጊዜያዊም ነው፤ ሌየር ፋይል አድርገህ ካላስቀመጥከው ከስክሪፕቱ ጋር ያልፋል። ግን ጥሩ ጎን አለው፣ እሱም ወደ ስልክ ቁጥሩ ይመልሰናል። በዚህ ቱል የተደበቀ ፊልድ ቀጥሎ ለሚመጣው ቱል የለም ማለት ነው። ሌየሩን «ኮፒ ፊቸርስ» ላይ ሰጥተህ ወደ አዲስ ፊቸር ክላስ ብትገለብጠው አዲሱ ፊቸር ክላስ ላይ የሚጻፉት የሚታዩት ፊልዶች ብቻ ናቸው።

ለኮንትራክተሩ የምታዘጋጀውም በዚህ መንገድ ይሁን። የደንበኞቹን ፊቸር ክላስ «ሜክ ፊቸር ሌየር» ላይ ስጥ፤ ስልክ፣ ስም፣ ሌላም ሰውየው ለሥራው የማያስፈልገውን ሁሉ «ሂድን» በል። አዲስ ባዶ ጂኦዳታቤዝ ፍጠርና ወደዚያ ገልብጥ። ነባሩን ጂኦዳታቤዝ ቀድተህ ፊልዱን ከቅጂው ላይ ከምትሰርዝ ከባዶ መጀመሩ ይሻላል፤ ሌላ የረሳኸው ቴብል አብሮ አይሄድም። ከዚያ አዲሱን ፊቸር ክላስ «ሊስትፊልድስ» ላይ ስጠውና የስልኩ ፊልድ አለመኖሩን በዓይንህ አይተህ ላክ። የማስታወሻ ወይም የሪማርክ ፊልድ ካለ ውስጡን አንብበው። ሠራተኞች ስልክ ቁጥር እዚያ ውስጥ ይጽፋሉ፤ የፊልዱን ስም አይተህ ብቻ ልታውቀው አትችልም። የሰዎቹ ስልክ አንዴ ከእጅህ ከወጣ መመለሻ የለውም፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ጊዜ ውሰድ።

ዳታው በየጊዜው የሚላክ ከሆነ በየጊዜው መገልበጥ ይታክታል። የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ካላችሁ የተወሰኑትን ፊልዶች ብቻ የሚያሳይ ቪው ይሥራላችሁ፤ ፈቃዱም በቪው ላይ ብቻ ይሰጥ። አርክጂአይኤስ ኦንላይን ላይ የምትሠሩ ከሆነም ከሆስትድ ፊቸር ሌየሩ (ኦንላይን ላይ ከተቀመጠው ሌየር) ላይ ቪው አውጥታችሁ የማይፈለጉትን ፊልዶች ከቪው ማስቀረት ይቻላል።

ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ነፃ የካርታ ሶፍትዌር የምትጠቀም ሌላ አንባቢ ከሆንክ አጠር አድርጌ ልንገርህ። አስተሳሰቡ ያው ነው። «አትሪቢዩት ቴብል ኮንፊግ»ን ከሌየሩ ታወጣለህ፣ በ«አፕዴት» የሌየሩን ፊልዶች እንዲያካትት ታደርጋለህ፣ «ኮለምንስ» የሚለውን ሊስት ተቀብለህ የእያንዳንዱን «ሂድን» ባህርይ ትወስናለህ፣ በ«ሴትኮለምንስ» ወደ ኮንፊጉ፣ ከዚያ በ«ሴት አትሪቢዩት ቴብል ኮንፊግ» ወደ ሌየሩ ትመልሰዋለህ። እዚህም የያዝከው ቅጂ ነው፤ ካልመለስከው አይሠራም። ሊስቱ ውስጥ ከፊልዶች ጋር የአክሽን ዓምድ ስለሚኖር ሁሉንም በጅምላ «አሳይ» እንዳትል። ይህ የሚደብቀው ከቴብሉ ብቻ ነው። ከፎርሙ (ዳታ ከሚሞላበት ቅጽ) ላይ ለማጥፋት የፊልዱን ኤዲተር ዊጀት «ሂድን» የሚባለው ዓይነት ታደርገዋለህ። በኪውጂአይኤስ ሰርቨር በደብሊውኤምኤስ ወይም በደብሊውኤፍኤስ (ካርታና ዳታ በኢንተርኔት በሚቀርብባቸው አገልግሎቶች) የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ከ3.16 ጀምሮ በፊልዱ የኮንፊገሬሽን ፍላግ ነው የሚደረገው። ሦስቱ ተለያይተው ስለተቀመጡ አንዱን አጥፍተህ ሌሎቹም ጠፉ ብለህ አትተማመን። ኪውጂአይኤስ ላይ አንድ የምቀናበት ነገር አለ፦ አንዱን ሌየር በእጅህ አስተካክለህ ስታይሉን በኪውኤምኤል ፋይል ካስቀመጥከው የቴብሉም የፎርሙም ቅንብር አብሮ ስለሚቀመጥ፣ ተመሳሳይ ፊልድ ላላቸው ሌሎች ሌየሮች በሁለት መስመር ኮድ ትጭነዋለህ።

አንተ ግን አሁን ከባዶው ሊስት ጀምር። ከእምቢተኞቹ ሌየሮች አንዱን ብቻ ይዘህ ሞክር፤ የሉፑን ነገር ለኋላ ተወው። አሁንም ካልሠራልህ የፕሮህን ቨርዥን፣ የሌየሩን ምንጭ ዓይነት፣ ማለትም ፋይል ጂኦዳታቤዝ ይሁን ሼፕፋይል ወይም ሰርቪስ፣ ጆይን እንዳለውና እንደሌለው፣ እንዲሁም ከ«ሴትዴፊኒሽን» በፊትና በኋላ የሊስቱን ርዝመት ላክልኝ። በእነዚህ አራቱ ብዙውን ጊዜ የት ጋ እንደቆመ ማወቅ ይቻላል።